ማማ ሦስት፤ አንድ ሰው አለ

ዋና ሳጅን መንግሥቴ ከሦስተኛው ማማ ሥር በጀርባው ወድቆ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ፣ የነሐሴ ዝናብ ፊቱን ሲያጥበው ተገኘ። ሃያ ሁለት ካሜራ በተተከለበት ግቢ ሬሳውን ያገኘችው አጥር ጥሳ የገባች ላም ናት። ላሟን ልታባርር የሄደችው ጠባቂ ሸዋነሽ ነበረች። ላሟ አንገቷን ደፍታ ምን እንደምታሸት ስታይ በትሩ ከእጇ ወደቀ።

ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ጥርጊያ ዳር ያለው ይኸ ማረሚያ ቤት በክረምት ደሴት ይመስላል። ዙሪያውን ውሃና ሩዝ ነው። አራት ማማዎች አሉት፤ በአራቱም ላይ አሁን ሰው የለም። ለሙከራ የመጣው ማሽን በሮቹን በጣት አሻራ ይከፍታል፣ እስረኛ ይቆጥራል፣ አጥር ይጠብቃል። ጠባቂዎቹ ከማማው ሲወርዱ ወንበሮቻቸውን የሚያወርድላቸው ስላልተገኘ ወንበሮቹ እዚያው ቀሩ።

ምክትል ኢንስፔክተር ሠርካለም ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። የባጃጁ ሾፌር ጭቃውን ፈርቶ ጥርጊያው ላይ ስላወረዳት ቀሪውን መንገድ ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግሯ መጣች። የይፋግ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጭቃ አያስፈራትም። ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ባልደረቦቿ ከሥራ ሌላ ወሬ አታውቅም ይሏታል። እሷም ከሥራዋ የተሻለ ወሬ ይዞላት የመጣ ሰው እስካሁን አልገጠማትም።

የማረሚያ ቤቱ አዛዥ ኮማንደር እንግዳው ጃንጥላ ይዞ ከሬሳው ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ያሳዝናል» አላት። «ብቸኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሥራው ሊቀር መሆኑን ሲሰማ ልቡ ተሰበረ። ራሱን ነው የጣለው።»

«ራሱን ሲጥል ያየ አለ?»

«ማሽኑ አለ። የማማው በር ዛሬ የተከፈተው አንድ ጊዜ ነው፤ በሱ ጣት። ሌላ የገባ የለም።»

ሠርካለም ሸራውን ገልጣ ተንበረከከች። ሟቹ ባዶ እግሩን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤ ባቱን ጥቁር የዋልካ ጭቃ ሸፍኖታል። እጁን አንስታ ረጅም ጊዜ አየች። ጥፍሩ ሥር ጭቃ ሞልቷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ነጥቶና ተሸብሽቦ ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ መስሏል።

«ጫማው የት ነው?»

«ሩዙ ዳር ይሆናል። ጧት ከእስረኞች ጋር አረም ላይ ነበር። አትግባ ብንለውም ይገባል። ቆሞ ማየት አይወድም።»

«አረሙን ትቶ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ጫማውን ሳያደርግ ለመሞት ወጣ ነው የሚሉኝ?»

«ለመሞት የሚሄድ ሰው እጁን ይታጠባል እንዴ፣ ልጄ?»

«እኔ እንጃ። ሂዶ ተመልሶ የነገረኝ የለም።»

ኮማንደሩ ከዚያ በኋላ ልጄ አላላትም።

በዋናው በር በኩል ጥቁር የለበሰች ወጣት ቆማለች፤ ማርያማዊት ትባላለች፣ የሟቹ አንድያ ልጅ። አጠገቧ የሟቹ የነፍስ አባት ቄስ ዓለምብርሃን ጥምጥማቸውን በላስቲክ ሸፍነው ቆመዋል። ሠርካለም ወደ እነሱ ስትመጣ ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ለቅሶውን ለሌላ ጊዜ ያቆየችው ይመስላል።

«አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ» አለች ማርያማዊት። «ኮማንደሩ ራሱን አጠፋ ብሎ ሊጽፍ ነው። ከተጻፈ አባቴ ፍትሐት የለውም። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ሠርካለም ወደ ቄሱ ዞረች። «እውነት ነው አባ?»

«ሥርዓቱ ነው፣ ልጄ» አሉ ቄስ ዓለምብርሃን ዝግ ባለ ድምፅ። «እኔ መንግሥቴን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሰንበት ቆርቧል። ግን እኔ አውቀዋለሁ ብዬ በወረቀት ፊት ምን አደርጋለሁ? የመንግሥት ወረቀት ራሱን አጠፋ ካለ፣ ያለ ካህን፣ ያለ ጸሎት ነው የሚገባው።»

«እናቴን የቀበረው ብቻውን ነው» አለች ማርያማዊት። «ውሃ መንገዱን ዘግቶት ለቀስተኛ አልመጣም ነበር። ያኔም እንኳ ካህን አላሳጣትም።»

ሠርካለም ሰዓቷን አየች። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እውነቱን ይዣለሁ። ራሱን ጥሎ ከሆነም አልዋሽሽም።»

«አትዋሺኝ» አለች ልጅቱ። «እሱ ራሱን አልጣለም።»

የመቆጣጠሪያው ክፍል የድሮው የእህል መጋዘን ነው። ከብዙ ስክሪኖች ፊት እንዳልካቸው የሚባል ወጣት ባለሙያ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ተቀምጧል። ማሽኑን የተከለው እሱ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ከስክሪን በቀር ጓደኛ የለውም፤ ጠባቂዎቹ ሰላምታ ነፍገውታል።

«ይኸው» አለ። «ጧት ሦስት ሰዓት ከአርባ። ማማ ሦስት፣ ዋና ሳጅን መንግሥቴ፣ ገቡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ምንም የለም።»

«መውጣትንስ ይመዘግባል?»

«መውጫው ከውስጥ ቁልፍ ተጭኖ ነው። እሳት ቢነሳ ሰው እንዳይታፈን። አይመዘግብም።»

ሠርካለም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። በአረንጓዴ ፊደል «ማማ ሦስት፤ አንድ ሰው አለ። ዋና ሳጅን መንግሥቴ» ይላል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ወጣቱ ዓይኑን ሰበረ። «መውጣታቸውን ስላላወቀ... እስካሁን ውስጥ ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው።»

«ሰውየው መሬት ላይ ነው።»

«አዎ።»

«ካሜራውስ?»

«ካሜራው ማማው ራስ ላይ ሆኖ ወደ አጥሩ ነው የሚያየው። ማማውን ራሱን የሚያይ የለም።»

ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ሪፖርት ነበር። ሙከራውን የሚገመግመው ኮሚቴ ከነገ ወዲያ መጥቶ የሚሰማው ነው። ሠርካለም ገለጠችው። ማሽኑ ከጠባቂ ሥራ ከመቶ ሰባ ሦስቱን ሊተካ ይችላል ይላል። ከአርባ አንድ ጠባቂ አሥር ቢቀር ይበቃል ይላል።

«ቀሪው ሃያ ሰባትስ ምንድን ነው?» አለችው።

«የቱ?»

«ማሽኑ የማይችለው።»

«እሱ... አልተዘረዘረም። ልዩ ልዩ ነው።»

አንድ ገጽ ላይ ቆመች። «የጠባቂዎች አሻራ አልነበብም ያለበት ጊዜ፤ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዜሮ።» እናቷ ትዝ አለቻት። ለመታወቂያ አሻራ ልትሰጥ በአረም ወራት ሦስት ቀን ሄዳ ሦስት ቀን ተመልሳ፣ «ጣቴን ሩዙ በልቶታል» ብላ ስቃ ነበር።

«ዜሮ» አለች ሠርካለም። «ጎበዝ ማሽን ነው።»

እንዳልካቸው ምስጋናውን አልተቀበለም።

«ሪፖርቱን በጠባቂዎች ስም የሚፈርመው ማነው?»

«እሳቸው ነበሩ። መንግሥቴ። ጠባቂዎቹ የመረጧቸው እሳቸውን ነው።»

«ፈርመዋል?»

«ከኮሚቴው ፊት ነው የምፈርመው አሉ።»

የማማው መሰላል በቆርቆሮ ተከልሎ ስለተሠራ ዝናብ አይገባውም። ጠባቂዎቹ «እታለም» ብለው የሚጠሩት የማሽኑ የሴት ድምፅ ኮማንደሩን በስሙ ሰላም ብሎ የብረት በሩን ከፈተለት። ሠርካለም ማንንም ሳታስከትል ወጣች፤ በየደረጃው ላይ እየቆመች። ባዶ እግር የረገጠው የዋልካ ጭቃ ከታች እስከ ላይ አለ። በሦስት ደረጃዎች ላይ ግን በጭቃው ላይ ሌላ ነገር ታትሞበታል፤ የከስክስ ጫማ ሶል። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ የተረገጠ ነው።

ላይ ወንበሩ አለ፤ ትራስ ተደርጎበታል። ከወንበሩ ሥር ከጉሎ ፍሬ የተሠራ መቁጠሪያ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቁራሽ ዳቦ። ወገብ ላይ ከሚደርሰው የብረት አጥር ማዶ ሜዳው እስከ ሐይቁ ድረስ ውሃ ለብሶ ተኝቷል። በስተ ምሥራቅ የጣራ ገዳም ኮረብታ ግማሹን ጉም ወስዶታል። ሠርካለም ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ማንም ሳያዘው በየቀኑ እዚህ እየወጣ ምን ያይ እንደነበር ገባት። ምንም አያይም ነበር፤ ተራው ስለሆነ ብቻ ይቀመጣል።

ስትወርድ ኮማንደሩን «ከሞተ በኋላ ወደ ላይ የወጣ አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«አንድም ሰው። እኔ ነኝ የከለከልሁት።»

በዋናው በር ተረኛው ሳጅን ደሴ ነበር። ከሟቹ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ያለቀሰበት ዓይኑ ቀልቷል፤ ያ ዕንባ የውሸት አልነበረም። የግራ እጁ ትንሿ ጣት በጨርቅ ታስራለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ ሳጅን።»

«አሜን። ያንችንም... የእርስዎንም ያጽና።» ተሳሳተና አፈረ።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ። ከዚህ ሁኜ አየሁት። ከሩዙ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማማው ሄደ። አልጠራሁትም። ጣቱን አስነክቶ በሩን ከፈተና ገባ። ብቻውን። በኋላ ነው ላሟ... ሸዋነሽ ስትጮህ የሰማሁት።»

«በጣቱ ሲከፍት አይተውታል?»

«በዓይኔ። ስልሳ እርምጃ ነው፣ እንዴት ላላይ?»

«ስለ ሞት አውርቶዎት ያውቃል?»

«ሰሞኑን ዝም ብሏል። አሁን ሰው ምን ያደርጋል ይል ነበር። በሩ በራሱ ይከፈታል፣ እስረኛው በራሱ ይቆጠራል። ፊት እዚህ በር ላይ ሁለት ነበርን። አንዱ ለውሃ ቢሄድ አንዱ ያውቃል። ዛሬ እኔ ቀኑን ሙሉ ባልኖር ማን ያውቃል?»

«ማንም» አለች ሠርካለም። «ጣትዎ ምን ሆነ?»

«ማጭድ ነው። ጧት ሣር ሳጭድ።»

ጫማውን አየች። የግቢው ሰው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋልካ ተሸክሞ ይዞራል። የደሴ ከስክስ ግን ታጥቦ ጠቁሯል፤ ማሰሪያው ውስጥ ውሃ አለ። ተሰናበተችውና ሄደች።

ሸዋነሽ የሴት ጠያቂዎች መፈተሻ ውስጥ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ነጠላ ደርባ ተቀምጣለች። መሳቅ የማይገባበት ጊዜ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን አፏ አይታዘዝላትም።

«ላሟን መርምሪያት» አለቻት። «ከዚህ ግቢ ውስጥ ሥራዋን የሠራች እሷ ናት።»

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። አሥራ ሁለት ሴቶች ፊቴ ተሰልፈው። አንዷ ሽሮ ይዛ መጥታ ተጨቃጨቅን፣ ጠይቂያት፤ እስካሁን አልወጣላትም።»

«አሻራው አስቸግሮሽ ያውቃል?»

«ልብስ ባጠብሁ ቁጥር። ‹አልታወቁም› ትለኛለች እታለም። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልሁበት በር ላይ፣ አንች ማነሽ ትለኛለች። ሩዝ ላይ የሚውሉት ወንዶቹ ናቸው የሚገርሙኝ። ከነጭቃቸው ሲመጡ ትከፍትላቸዋለች። እኔን ብቻ ነው የጠላችኝ አልሁ።»

ሠርካለም ወደ ወንዶቹ መለሰቻት። «በጭቃ እጃቸው ሲከፍቱ አይተሻል?»

ሸዋነሽ አሰበች። «ከፍተው ሲገቡ ነው የማየው። ቅርብ ሁኜስ አላየሁም። አንዱ ለአንዱ እየከፈተ ይሆናል።»

ከአንገቷ ላይ የፊሽካ ክር ታየ።

«ማሽኑ ሲመጣ የጠባቂ ፊሽካ ሁሉ ተሰብስቦ የለም እንዴ?»

«ዕቃ ቤት ገባ ተባለ። እኛ ሦስታችን ሽማግሎች አልሰጠንም። እኔ፣ ደሴ፣ መንግሥቴ። ምን ይሠራል ብትይኝ፣ ምንም። አንገቴ ላይ ከሌለ ግን ራቁቴን የሆንሁ ይመስለኛል።»

ሩዙ ውስጥ አሥራ አራት እስረኞች ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ዝናቡ አባርቷል። የአረም አለቃው በእውቀቱ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ሳለ በጠብ ሰው አቁስሎ ስድስት ዓመት የተፈረደበት። ከውሃው ወጥቶ በአክብሮት ቆመ። ዳር ላይ ሁለት ያረጁ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ካልሲዎቹ ውስጣቸው ተጣጥፈው።

«የጋሽ መንግሥቴ ናቸው» አለ በእውቀቱ። «አልነካንም። ያ መስመርም የእሱ ነው።»

ከሩዙ መሐል ባልታረመ መስመር ላይ አንድ እንጨት ተተክሏል።

«ንገረኝ፣ ጧት ምን ሆነ?»

«ከአንድ ተኩል ጀምሮ ከኛ ጋር ነበር። በኋላ ሁለት አጭር ፊሽካ ሰማን። ከጠባቂው ቤት በኩል። ቀና ብዬ አላየሁም፤ አረም ላይ ሰው ቀና አይልም። ጋሽ መንግሥቴ ሳቀ። ‹ከማማው ሰው ከወረደ ወራት አለፈው፤ ማን ነው ተራ የሚቀበለኝ?› አለ። እንጨቱን ተከለና ‹መስመሬን እንዳትነኩ፣ መጣሁ› ብሎ ሄደ።»

«ሁለት አጭር ማለት ምን ማለት ነው?»

«‹መጣሁልህ፣ ቦታህን ልቀበልህ› ማለት ነው። የድሮ ጠባቂዎች ነገር ነው።»

«ማሽኑ እናንተን እንዴት ይቆጥራል?»

በእውቀቱ እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ እንደ ሟቹ ጣቶች ነጥተው ተሸብሽበዋል። «በአረም ወራት አያውቀንም። ስንገባ ጋሽ መንግሥቴ በስማችን እየጠራ ይቆጥረናል። አቤት ስንል ድምፃችንን ይሰማል። ባለፈው አንዱን ‹አንተ ትኩሳት አለህ› ብሎ ወደ ክሊኒክ ላከው፤ ወባ ሁኖ ተገኘ። ማሽኑ አይሰድብም፣ ያ መልካም ነው። ግን አቤት አይሉትም።»

«ሃያ ሰባቱ» አለች ሠርካለም።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ነገ ጧት ከዚህ ውሃ እንደወጣህ፣ እጅህን ሳትታጠብ እፈልግሃለሁ።»

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በሦስተኛው ማማ በር ፊት ተሰበሰቡ። ኮማንደር እንግዳው፣ እንዳልካቸው፣ ደሴ፣ ሸዋነሽ፣ ከሩዙ እንደወጣ ውሃ የሚያንጠባጥበው በእውቀቱ፣ ማርያማዊትና ቄስ ዓለምብርሃን። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም በማለዳ የሟቹ አንገት የተሰበረው በመውደቁ ነው ብሎ ጽፏል፤ ስለወደቀበት ምክንያት አልጻፈም።

«ኮማንደር» አለች ሠርካለም፣ «እርስዎ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። በሩ በመንግሥቴ ጣት ተከፈተ፣ ሌላ ማንም አልገባም፣ ስለዚህ ብቻውን ነበር። ይኸ ሁሉ የቆመው በአንዲት ጣት ላይ ነው። እስኪ ጣቲቱን እንያት። በእውቀቱ፣ አስነካ።»

በእውቀቱ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። «አልታወቁም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለች እታለም በትህትና። ሦስት ጊዜ አስነካ፤ ሦስት ጊዜ አላወቀችውም።

«እስረኛ እኮ ነው!» አለ ኮማንደሩ። «ማማ አይከፈትለትም።»

«አይከፈትለትም። ግን እስረኛን ስታውቀው ‹አልተፈቀደልዎትም› ነው የምትለው። አይደለም እንዳልካቸው?»

«አዎ» አለ ወጣቱ። ድምፁ ቀጠነ።

«ይህን ልጅ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ማንነቱን አላወቀችውም። ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ስለቆየ። መንግሥቴም ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ተኩል እዚያው ውሃ ውስጥ ነበር። ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ይህን በር የከፈተው የመንግሥቴ ጣት አይደለም። የመንግሥቴ ስም ነው።»

ማርያማዊት ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«ሪፖርቱ ላይ ዜሮ የሚል አለ» አለች ሠርካለም ወደ እንዳልካቸው ዞራ። «በአረም ወራት፣ በፎገራ፣ ከሩዝ ወጥቶ አንድም ጠባቂ አልነበብም አልተባለም። ያንን ዜሮ የጻፈው ሩዝ አርሞ የማያውቅ ሰው ነው። እንዴት ነው የመጣው?»

እንዳልካቸው መሬት አየ። «ማሽኑ ሙከራውን ሊወድቅብን ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ እምቢ ይላል። እና... ሩዝ ላይ በሚውሉት ሰባት ጠባቂዎች ስም ደረቅ ጣት መዘገብሁ። ደረቅ ቦታ የሚሠራ ጓደኛ ጣቱን ይሰጣል፤ ሲመጡ እሱ ይከፍትላቸዋል። እስከ አረም ማለቂያ ብቻ ነበር።»

«የመንግሥቴን ስም ለማን ሰጠኸው?»

ወጣቱ አፉን ሲከፍት እጇን አነሳች። «ተወው። በሩ ይናገር። ግን አስቀድሜ የማውቀውን ልበል። መንግሥቴን ከሩዙ የጠራው ሁለት አጭር ፊሽካ ነው። ኮማንደር፣ እርስዎ ፊሽካ የለዎትም፤ እንዳልካቸው የፊሽካውን ትርጉም አያውቅም። ፊሽካ የቀረው ለሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ሞቷል። ሸዋነሽ በዚያ ሰዓት አሥራ ሁለት ሴቶች ፊቷ ቆመው ነበር። ጠይቄያለሁ፤ ባለሽሮዋ አሁንም ትረግማታለች።»

ሸዋነሽ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ ደሴ ዞረች።

«መሰላሉ ላይ የሟቹ ባዶ እግር አለ። በጭቃው ላይ ከስክስ ተረግጦበታል፣ ጭቃው ሳይደርቅ። ሸዋነሽ የምታደርገው ቦቲ ነው። ሳጅን ደሴ፣ ትናንት በነሐሴ ጭቃ የታጠበ ከስክስ ያየሁት እርስዎ እግር ላይ ብቻ ነው። ሰውየው በጀርባው ነው የወደቀው፤ ፊቱ ወደ ማማው ሆኖ፣ ፊት ለፊቱ ከቆመ ሰው ጋር እየተነጋገረ። ይኸ ብቻውን አይበቃኝም ነበር። የበቃኝ እርስዎ የነገሩኝ ነው። ከስልሳ እርምጃ ‹በጣቱ ሲከፍት አየሁት› አሉኝ። ያ ጣት ምንም ሊከፍት አይችልም ነበር።»

የደሴ ትከሻ ከወትሮው የበለጠ ጎበጠ።

«ያንን ጨርቅ ይፍቱት» አለችው።

«ቆስሏል።»

«አያለሁ።»

ጨርቁን ለመፍታት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም አላገዘውም። ትንሿ ጣት ንጹሕ ነበረች፤ ጭረት እንኳ የለባትም። ከዚያ ማንም ሳይገፋው ራሱ ወደ በሩ ሄደና ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዋና ሳጅን መንግሥቴ» አለች እታለም። በሩ ተከፈተ።

ማርያማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደሴ የተከፈተውን በር እያየ ተናገረ።

«ከአሥሩ አንዱ ነህ ተብያለሁ። ኮማንደሩ ነው የነገረኝ፤ ሙከራው ካለፈ። እኔ ከዚህ ግቢ ወጥቼ የት እሄዳለሁ? መሬት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። መንግሥቴ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ‹ለኮሚቴው እናገራለሁ› አለኝ። ‹ስሜ ባንተ ጣት ላይ ሆኖ ሠላሳ አንድ ሰው አላስባርርም› አለኝ። ልለምነው ነው የጠራሁት። ፊሽካውን የነፋሁት እንዲስቅ ብዬ ነው። ሳቀም። ከፈትሁለት፤ ወጣን። አጥሩን ተደግፎ ‹ደሴ፣ አብረን እንወጣለን፣ ልጄ ቤት አንድ ክፍል አለ› አለኝ። በሰው ቤት ጥገኛ ሊያደርገኝ... ደረቱን ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው። ይወድቃል አላልሁም።»

«ወድቆም ወደ በርዎ ተመለሱ» አለች ሠርካለም።

«ማንም አላየኝም» አለ ደሴ። ይህን ሲል ራሱም የደነገጠ መሰለ። «ጫማዬን አጠብሁ፣ በሩ ላይ ቆምሁ፤ አንድም ሰው የት ነበርህ አላለኝም።»

ኮማንደሩ ወደ ሠርካለም ጠጋ አለ። «ለኮሚቴው ስለ ማሽኑ ምን ትጽፊያለሽ?»

«እኔ የምጽፈው ስለ ሰው ነው። ስለ ዜሮው ይኸ ልጅ ይጽፋል።» ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ወረቀቱ በሰው እጅ የሞተ ነው የሚለው።»

ቄስ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። «እንግዲያው ልሂድ» አሉ። «ካህናቱን ልሰብስብ፤ ጊዜ የለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንግሥቴ በፍትሐት፣ በደወል፣ በሙሉ ካህን ተቀበረ። ውሃው መንገዱን ስለዘጋው ለቀስተኛው ጥቂት ነበር። ሸዋነሽ መቃብሩ ላይ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ልታስገባው ፈለገችና መልሳ አጠለቀችው።

አመሻሽ ላይ ማርያማዊት የአባቷን ጫማ ልትወስድ መጣች። እስረኞቹ ከሩዙ ወጥተው ተሰልፈው ነበር፤ እታለም አንድ በአንድ «አልታወቁም» ትላቸዋለች። ስማቸውን በቃሉ የሚያውቅ ጠባቂ ስለሌለ በእውቀቱ ለሸዋነሽ ስም እየነገራት እሷ ትጠራለች፤ «አቤት» ይላሉ። ያልታረመው መስመር ታርሟል፤ እንጨቱ ግን አልተነቀለም።

ሠርካለም ጫማዎቹን ይዛ ማርያማዊትን በመቆጣጠሪያው ክፍል በኩል አሳለፈቻት። ልጅቱ ስክሪኑ ፊት ቆመች። በአረንጓዴ ፊደል «ማማ ሦስት፤ አንድ ሰው አለ። ዋና ሳጅን መንግሥቴ» ይላል።

እንዳልካቸው ሊሰርዘው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች ማርያማዊት። «እስኪጨልም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሠርካለም መሄድ ነበረባት፤ የሚጠብቃት ሰው ግን አልነበረም። ሌላ ወንበር አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።